ድንቢጧን ከመክሰሳችን በፊት፦ ስለ ዘማሪ ወፎችና ስለ ወፍ ጉንፋን የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ስለ ወፍ ጉንፋን በተወራ ቁጥር ደብዳቤ ይበዛልኛል። የሰሞኑ ግን ከወትሮው ይለያል። አብዛኞቻችሁ የጠየቃችሁኝ ስለ ዶሮ አይደለም። ስለ ድንቢጥ ነው፣ ስለ ቁራ ነው፣ ጠዋት ጠዋት በመስኮት ስለሚቀሰቅሷችሁ ወፎች ነው። ደብዳቤዎቹ ውስጥ ፍርሃት ይነበባል። ጎጆ ለማፍረስ መሰላል ያቆማችሁም አላችሁ። እባካችሁ መሰላሉን ከመውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርጌያለሁ፣ ረጃጅሞቹን አሳጥሬያለሁ። የጻፍኳቸው ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«በረንዳዬ ላይ ለወፎች ጥራጥሬና ውኃ ማስቀመጥ ከጀመርኩ 6 ዓመት ሆነኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የጠዋት እንግዶቼ እነሱ ናቸው። ልጄ ግን ‹እማዬ፣ በሽታ ወደ ቤት እየጠራሽ ነው› ብላ ልታስጥለኝ ነው። ላቁም ወይ?»

እማማ፣ ከነገሩኝ ተነስቼ ሳየው የሚያስቆም ነገር አላየሁም። የልጅዎ ስጋት ግን ከባዶ የተነሳ አይደለም። ስለዚህ ለሁለታችሁም ልመልስ።

የዚህ ቫይረስ እውነተኛ ቤቱ የውኃ ወፎች ናቸው። ዳክዬና ዝይ፣ እንዲሁም የባሕርና የሐይቅ ዳርቻ ወፎች። ቫይረሱ በዳክዬ አንጀት ውስጥ ይራባል። በኩስ ወደ ውኃ ይወርዳል። ሌላው ዳክዬ ያንኑ ውኃ ይጠጣል። በዱር ውስጥ ለዘመናት ሲዞር የኖረው በዚህ መንገድ ነው። የእርስዎ በረንዳ ላይ የሚያርፉት ድንቢጦች ከዚህ ዙር ውጪ ናቸው። ውኃ ላይ አይውሉም፣ በሺዎች ሆነው አንድ ኩሬ ላይ አያድሩም። ባለሙያዎች የዱር ወፎችን እየያዙ ሲመረምሩ ቫይረሱን ድንቢጥን ከመሰሉ ዘማሪ ወፎች የሚያገኙት ከስንት አንዴ ነው።

ሁለት ነገር ግን ልጠይቅዎ። ግቢው ውስጥ ዶሮ ወይም ዳክዬ አለ? ካለ በረንዳው ላይ መመገብዎን ቢያቆሙ ይሻላል። ለእርስዎ ሳይሆን ለዶሮዎቹ ብዬ ነው። የዱር ወፍና የቤት ወፍ በአንድ ግቢ እንዲሰባሰቡ መጋበዝ ጥሩ አይደለም። ሁለተኛ፣ በአቅራቢያዎ በሽታው መግባቱ ተነግሮ ባለሥልጣናት «ለጊዜው አትመግቡ» ካሉ ይታዘዙ። ወፎቹ ሌላ ምግብ አያጡም።

ልጅዎ እዚያ በረንዳ ላይ ስለ በሽታ መጨነቅ ከፈለገች ደግሞ ከወፍ ጉንፋን ይልቅ ሳልሞኔላ የሚባለውን ባክቴሪያ ትፍራ። ብዙ ወፍ አንድ ሳህን ላይ ሲሰበሰብ፣ ኩሱ ከጥራጥሬው ጋር ሲቀላቀል፣ ትንንሾቹን ወፎች የሚጨርሰው እሱ ነው። ሰውንም ይይዛል። በአሜሪካ ደግሞ ከ1994 ጀምሮ ፊንች የሚባሉትን ወፎች ዓይናቸውን እያሳበጠ የሚያሳውር የባክቴሪያ በሽታ ተዛምቷል። አንዱ መተላለፊያ መንገዱ ይኸው የጋራ መመገቢያ ነው። ስለዚህ ሳህኑን ቢያንስ በሁለት ሳምንት አንዴ ይጠቡት። አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ ይበጥብጡ፣ ሳህኑን ለ10 ደቂቃ ይንከሩት፣ በደንብ ያለቅልቁት፣ ፀሐይ ላይ ያድርቁት። የምግብ ዕቃ በሚታጠብበት ገንዳ ግን አይጠቡት። ውኃውን በየቀኑ ይቀይሩ። መሬት ላይ የተበተነውንም ጠርገው ያንሱ።

«900 እንቁላል ጣይ ዶሮዎች አሉኝ። ድንቢጦች በጣሪያው ክፍተት እየገቡ ከዶሮዎቼ ጋር መኖ ይሻማሉ። ጎረቤቴ ‹መርዝ አድርግላቸው፣ ጎጆአቸውንም አቃጥል፣ በሽታውን የሚያመጡት እነሱ ናቸው› አለኝ። ምን ትመክረኛለህ?»

ወንድሜ፣ መርዙን አትንካው። ምክንያቱን ረዘም አድርጌ ልንገርህ፤ የአንተ ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል።

መጀመሪያ ጎረቤትህ የተናገረው ውስጥ እውነት የሆነውን እንውሰድ። ድንቢጥ በዚህ በሽታ ልትያዝ ትችላለች። በቤተ ሙከራ ድንቢጦችን ኤች5ኤን1 በሚባለው የወፍ ጉንፋን ቫይረስ ዝርያ ሲያስይዟቸው ታመዋል፣ ብዙዎቹም በቀናት ውስጥ ሞተዋል። ከመሞታቸው በፊት ከጉሮሯቸው ቫይረስ ይወጣ ነበር። እዚህ ድረስ ጎረቤትህ ልክ ነው። ግን በዚያው ሙከራ ጤነኛ ወፎችን ከታመሙት ጋር አብረው አስቀምጠው ነበር። ጤነኞቹ አልተያዙም። ስታርሊንግ የሚባሉት ወፎችም ተሞክረዋል። ቫይረሱን ለጥቂት ቀን ቢያወጡም እነሱም ለጎረቤቶቻቸው አላስተላለፉም።

ሁሉም ቫይረስ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። በ2013 ቻይና ውስጥ ሰዎችን የያዘው ኤች7ኤን9 የሚባለው ዝርያ በቤተ ሙከራ ከፊንች ወፎች ወደ ዶሮ ተሻግሯል። የተሻገረበትን መንገድ ልብ በል። በአየር አልተሻገረም። በጋራ የመጠጫ ውኃ ነው። ለዚህ ነው አንድ የዶሮ ቤት ስገባ ቀድሜ ጣሪያውን ሳይሆን መጠጫውን የማየው።

አንድ ጊዜ አንድ የዶሮ ቤት በር ላይ ግማሽ ቀን ቆሜያለሁ። ድንቢጦቹ በእርግጥ ይመላለሱ ነበር። አንዷ የመጠጫው ከንፈር ላይ ቆማ ምንቃሯን ሦስት ጊዜ ነከረች፣ ጀርባዋን ሰጠች፣ ኩሷን ጣለችና ሄደች። አየህ፣ ይህ አደጋ ነው፤ አልክድም። ግን በዚያው ግማሽ ቀን በዚያው በር ሌላም ነገር ገባ። የመኖ ጫኙ ልጅ ከመኪናው ወርዶ በጫማው ቀጥ ብሎ ገባ። ከሌላ እርባታ የተመለሱ የእንቁላል ትሪዎች ሳይታጠቡ ገቡ። ውጪ ኩሬው ዳር ከዳክዬዎች ጋር ሲውል የነበረ ውሻ ገባ። ውኃው ራሱ ከዚያው ኩሬ በባልዲ ተቀድቶ ገባ። ማንም እነዚህን አላያቸውም። ሁሉም ድንቢጧን ነበር የሚያባርረው።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው። በሽታው በብዛት ከእርባታ ወደ እርባታ የሚሄደው በጫማ፣ በጎማ፣ በትሪ፣ በሽያጭ በሚዘዋወሩ ዶሮዎችና በሠራተኛ እጅ ነው። ከዱር ሲመጣም በብዛት ከውኃ ወፎች፣ በኩሳቸውና ኩሳቸው በነካው ውኃ ነው። በ2014 እና በ2015 አሜሪካ ውስጥ 50 ሚሊዮን ገደማ ዶሮና ተርኪ የሚባለው ትልቅ የእርባታ ወፍ በበሽታው የሞተው ሞቶ፣ የቀረው እንዲወገድ ተደረገ። በቫይረሱ የዘር ቅንብር ላይ የተደረገው ምርመራ ያሳየው ሁለት ነገር ነው። የዱር የውኃ ወፎች አመጡት፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ከእርባታ ወደ እርባታ ራሱ ተዛመተ።

አሁን ወደ መርዙ። መርዝ የበላች ድንቢጥ የት ነው የምትወድቀው? አንዳንዷ መኖው ውስጥ። አንዳንዷ ግቢው ውስጥ። ሬሳውን ማን ያነሳዋል? ቁራ፣ ጭልፊት፣ ድመት። በድን ፈላጊዎችን በገዛ እጅህ ወደ ግቢህ ጠራህ ማለት ነው። ከዚህ በታች እንደምታየው ቁራ ከድንቢጥ የበለጠ የሚያሳስብ ወፍ ነው። መርዙ ራሱም ለዶሮዎችህና ለልጆችህ ጠንቅ ነው። ያለቁት ድንቢጦች ቦታ ላይ ደግሞ መኖው ክፍት እስከሆነ ድረስ ሌሎች ይመጣሉ።

የሚሠራው ይህ ነው። የጣሪያውን ክፍተትና መስኮቱን ቀዳዳው ከ2 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ የሽቦ መረብ ሸፍን። ድንቢጥ ከምታስበው በላይ በጠባብ ቀዳዳ ትገባለች። የመኖ ጆንያው ክዳን ባለው በርሜል ውስጥ ይግባ። በር ላይ የፈሰሰውን መኖ ማታ ማታ ጥረግ፤ ወፎቹን የሚያለማምዳቸው እሱ ነው። ውኃ ከኩሬም ከጣሪያም አታምጣ። አማራጭ ካጣህ በክሎሪን አክም። በሩ ላይ አንድ ዝቅ ያለ አግዳሚ አስቀምጥ፤ የውጪ ጫማ ከአግዳሚው ወዲህ ይውለቅ፣ የቤት ውስጥ ጫማ ከወዲያ ይጠለቅ። ገንዘብ የማያስወጣ ነገር ነው፤ ግን ከመርዙ በብዙ እጥፍ ይጠቅምሃል። ጎጆውን በተመለከተ፣ ጫጩት የሌለበትን ባዶ ጎጆ አንስተህ ክፍተቱን ድፈነው። ጫጩት ካለበት እስኪበሩ ጠብቅ፤ ከሁለት ሳምንት ብዙም አያልፍም።

ዶሮዎችህ በድንገት መሞት ከጀመሩ፣ እንቁላል ከቀነሰ፣ ራሳቸው ካበጠ፣ አናታቸው ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ከጠቆረ፣ አንዷንም ሳታርድና ሳትሸጥ የእንስሳት ሐኪም ጥራ። የዚያን ቀን ማንም ሰው ከዚያ ቤት ወጥቶ ወደ ሌላ እርባታ አይሂድ።

«የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። ዳክዬ ተሸክሞት ይበራል፣ ድንቢጥ ግን ትሞታለች ይባላል። ቫይረሱ አንድ ከሆነ ለምን?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። ቫይረሱ ሴል ውስጥ ለመግባት በሴሉ ላይ ያለ የስኳር ሞለኪውል ይይዛል። ቁልፍና ጓጉንቸር እንደማለት ነው። የዳክዬ አንጀት በዚያ ጓጉንቸር የተሞላ ነው። ዳክዬና ቫይረሱ እጅግ ረጅም ዘመን አብረው ስለኖሩ ተላምደዋል። አብዛኛው ቫይረስ ዳክዬውን ሳያሳምም ይራባል፣ በኩስ ይወጣል፣ ዳክዬውም መንገዱን ይቀጥላል። ለቫይረሱ ከዚህ የተሻለ ተሸካሚ የለም። ድንቢጧ ጋ ግን ይህ መላመድ የለም። ኃይለኛው ዝርያ ከገባ ቶሎ ይገድላታል። የሞተች ወፍ ደግሞ ሩቅ አትሄድም።

ነገር ግን «ዳክዬ አይሞትም» ብለህ አትጻፍ። እሱ የድሮው ታሪክ ነው። ከ1996 ወዲህ በቻይና ጓንግዶንግ ከዝይ የተነሳው የኤች5 ዘር (ኤች5ኤን1 ከዚህ ወገን ነው) ራሳቸውን የውኃ ወፎችንም ይገድላል። በ2005 በቻይናው ቺንግሃይ ሐይቅ 6,000 ገደማ የዱር ወፎች ሞተዋል። ብዙዎቹ ዝይዎች ነበሩ።

«‹ከዘማሪ ወፎች ብዙም አልተገኘም› ትላላችሁ። ያልተገኘው ስላልፈለጋችሁት ቢሆንስ? የሞተ ዝይን ሁሉም ያያል። የሞተች ድንቢጥን ግን ማን ያያታል?»

ይህን የጻፉልኝን አንባቢ ማመስገን እፈልጋለሁ። ትክክል ናቸው፤ ነገሩ በከፊል እንዲያ ነው።

አንዲት የቤት ድንቢጥ 30 ግራም ገደማ ናት። ቁጥቋጦ ሥር ብትወድቅ ድመት ወይም ጉንዳን እስከ ማታ ይጨርሳታል። ዝይ ግን ሐይቅ ዳር ተጋድሞ ለሳምንት ይታያል። ስለዚህ የሞቱ ወፎችን ብቻ እየቆጠሩ «ዘማሪ ወፎች አልተነኩም» ማለት ስሕተት ነው። ይህን ባለሙያዎቹም ያውቁታል።

ለዚህም ነው በሕይወት ያሉትንም የሚመረምሩት። ሥራውን ሲሠሩ አይቼ ስለማውቅ ላሳያችሁ። ከዐይን የሚሰወር ቀጭን መረብ በሁለት እንጨት መሐል ይዘረጋል። ወፏ ትገባበታለች። ባለሙያው አንገቷን በሌባ ጣቱና በመሐል ጣቱ መካከል አድርጎ፣ አካሏን በመዳፉ አቅፎ ይይዛታል። ጭምቅ አያደርጋትም፤ የልቧ ምት በመዳፉ ይሰማዋል። ከዚያ ጫፉ ከክብሪት ራስ ያነሰ ቀጭን የጥጥ እንጨት ጉሮሮዋ ውስጥ ገባ ወጣ ይላል። አንድ ሌላ ደግሞ ከኩስ መውጫዋ። እንጨቶቹ ፈሳሽ ባለበት ብልቃጥ ይገባሉ፣ ብልቃጡ በረዶ ውስጥ ይቀመጣል፣ ወፏ ትለቀቃለች። ሁሉም ነገር ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም።

በዚህ መንገድ በብዙ አገሮች ዘማሪ ወፎች ተመርምረዋል። ቫይረሱ ተገኝቶባቸዋል፤ ግን ከዳክዬዎች ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ጊዜ ነው። በተገኘበት ጊዜም ብዙውን ጊዜ አጠገቡ የታመመ እርባታ ወይም የታመሙ የውኃ ወፎች አሉ። ማለትም እሷ አመጣችው ሳይሆን እሷም ተያዘች የሚለው ይበልጥ ያስኬዳል። ይህ ማለት ፍለጋው ይቁም ማለት አይደለም። ቫይረሱ ይለዋወጣል። ዛሬ ድንቢጧን የማይስማማ ዝርያ ነገ ሊስማማት ይችላል። በተለይ በእርባታና በኩሬ መካከል የሚመላለሱትን ወፎች፣ ባለሙያዎቹ «ድልድይ» የሚሏቸውን፣ ደጋግሞ መመርመር ያስፈልጋል። ለዚህ ሥራ የሚመደበው ገንዘብ ሲቀነስ ሳይ ያሳዝነኛል።

«ቁራስ? ሰፈራችን ቁራ በቁራ ነው።»

ብዙ ሰው አያውቀውም እንጂ ቁራም ከዘማሪ ወፎች ወገን ነው። ድምፁን አትዩ፤ የድምፅ ሳጥኑ አሠራርና አመዳደቡ ከነሱ ጋር ነው። ከወገኑ የሚለየው ግን ምግቡ ነው። ቁራ በድን ይበላል። በበሽታ የሞተ ዳክዬ ወይም ውጪ የተጣለ የታመመ ዶሮ ካገኘ ቫይረሱን ከነሥጋው ይውጠዋል። በ2004 በጃፓን ኪዮቶ አካባቢ አንድ ትልቅ የዶሮ እርባታ በበሽታው ሲመታ በአካባቢው ቁራዎች ሞተው ተገኝተዋል፤ ቫይረሱም ተገኝቶባቸዋል። ከዚያ ወዲህም በብዙ አገር ቁራ ሲያዝ ታይቷል። ጭልፊት፣ ንስርና ጥንብ አንሳም በዚሁ መንገድ ነው የሚያዙት።

ስለዚህ ከቁራ ጋር ያለን ጉዳይ ቀላል ነው። የሞተ ዶሮ ወደ ውጪ አትጣሉ። ቆሻሻ ላይ አትጣሉ፣ ወንዝ ውስጥም አትጣሉ። በባለሙያ ምክር ይቀበር ወይም ይቃጠል። ቁራው በድን ካላገኘ የሚሸከመው ነገር አይኖረውም።

«በየዓመቱ ከሩቅ አገር የሚመጡ ትንንሽ ወፎች አሉ። ባሕር ተሻግረው በሽታውን የሚያመጡት እነሱ አይደሉም?»

እስከ ዛሬ በታወቀው መጠን ረጅሙን መንገድ ያስኬዱት እነሱ አይደሉም። የቫይረሱን የዘር ቅንብር ከቦታ ቦታ እያነጻጸሩ ሲከተሉት መንገዱ ከዳክዬዎች፣ ከዝይዎችና ከባሕር ወፎች ጉዞ ጋር ይገጥማል። በ2021 መጨረሻ ቫይረሱ አትላንቲክን ተሻግሮ ካናዳ ኒውፋውንድላንድ ላይ ሲታይ ያሻገሩት የዱር የውኃና የባሕር ወፎች መሆናቸው ነው የታመነው። በ2022 ደቡብ አሜሪካ ገባ። በ2023 ከአንታርክቲካ አጠገብ ያሉ ደሴቶች ደረሰ፣ በ2024 መጀመሪያ ዋናው የአንታርክቲካ ምድር ላይ ተረጋገጠ።

አንድ የሚከነክነኝን ነገር ግን ልበል። «ወፎች አመጡት» ስንል የወፎቹን ጉዳት እንረሳለን። በዱር ወፎች ላይ ጅምላ ሞት ያስከተለው የመጀመሪያው የታወቀ ወረርሽኝ በ1961 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተርን በሚባሉ የባሕር ወፎች ላይ ነበር። ከ1,000 በላይ ሞቱ፣ ከዚያም ጠፋ። የአሁኑ ግን አልጠፋም። ይህ ዘር የጎለበተው በዱር ሳይሆን በእርባታ ዶሮዎች፣ ዝይዎችና ዳክዬዎች መካከል ነው። እኛ ባጨናነቅናቸው ቤቶችና በሕይወት ያሉ ወፎች በሚሸጡባቸው ገበያዎች ውስጥ። ከዚያ ነው ወደ ዱሩ የተመለሰው። በ2022 በስኮትላንድ ባስ ሮክ በምትባል ደሴት ላይ ጋኔት የሚባሉት ነጫጭ የባሕር ወፎች በብዛት አለቁ። ከተረፉት አንዳንዶቹ ፈዛዛ ሰማያዊ የነበረው ዓይናቸው ጥቁር ሆኖ ቀረ። በሽታው ያለፈበት ምልክት ነው።

«ቤት ውስጥ በጎጆ ሳጥን የማሳድጋቸው ካናሪ የሚባሉ ትንንሽ ዘማሪ ወፎች አሉኝ። ሌላ ቦታ ልውሰዳቸው?»

የትም አይውሰዷቸው። ሁልጊዜ ቤት ውስጥ ከሆኑ አደጋው በጣም ትንሽ ነው። ሳጥኑን በረንዳ ላይ አያሳድሩት። የዱር ወፍ በላዩ አርፎ ኩሱን ሊጥል ይችላል። አዲስ ወፍ ሲገዙ ለአንድ ወር ያህል በተለየ ክፍል ያቆዩት። ከዶሮ ቤት ሲመለሱ ልብስ ሳይቀይሩና እጅ ሳይታጠቡ ወደ ሳጥኑ አይጠጉ።

«በአሜሪካ ላሞች ተይዘዋል ሲባል ሰማሁ። ላሞቹን ያስያዟቸው ወፎች ናቸው?»

መነሻው ከዱር ወፍ ነው። በ2024 መጋቢት በቴክሳስና በካንሳስ የወተት ላሞች ላይ ተረጋገጠ። የዘር ምርመራው የሚያሳየው ቫይረሱ ከወፍ ወደ ላም ከተሻገረ በኋላ ከላም ወደ ላም፣ ከከብት ማጓጓዣና ከወተት ማለቢያ ዕቃ ጋር መዛመቱን ነው። የሚገርመው በነዚያ እርባታዎች ሞተው ከተገኙት ወፎች መካከል ግራክል የሚባሉ ዘማሪ ወፎች ነበሩ፤ በእነሱ ላይ የተገኘው ቫይረስም ከላሞቹ ጋር በጣም ይቀራረብ ነበር። ማለትም ከላም ወደ ወፍም ይሄዳል። ጥሬ ወተት ለሚጠጡ ሰዎች አንድ ቃል፦ አፍሉት።

«ድመቴ ድንቢጥ ይዛ ትመጣለች።»

ይህን የጻፉ አምስት ሰዎች ናቸው። ድመት በዚህ ቫይረስ በጣም ትጎዳለች። በ2023 ፖላንድ ውስጥ በርካታ ድመቶች ሞተዋል። በአሜሪካ ደግሞ የታመሙ ላሞችን ጥሬ ወተት የጠጡ ድመቶች ሞተዋል። ድንቢጥ በመብላት የመያዟ ዕድል ትንሽ ነው፤ የታመመ ወይም የሞተ ወፍ ካገኘች ግን ያድጋል። ወረርሽኝ በአካባቢው ካለ ቤት ውስጥ ትዋል። ጥሬ የዶሮ ሥጋም አትስጧት። ድንገት ካቃዣት፣ ከተንገዳገደች ወይም መተንፈስ ካቃታት ወደ ሐኪም ደውሉ፤ ወፍ መያዟንም ሳትረሱ ንገሩ። ድንቢጦቹም ቢሆኑ ድመቷ ቤት ብትውል ደስ ይላቸዋል።

«እኔ 9 ዓመቴ ነው። ግቢያችን ውስጥ ድንቢጥ ሞታ አገኘሁ። አዘንኩላትና በእጄ አንስቼ ቀበርኳት። ላይዋ ላይ ድንጋይ አደረግሁ። ከዚያ ወንድሜ ‹ትታመሚያለሽ› አለኝ። እሞታለሁ?»

የኔ እመቤት፣ አትሞቺም። ወንድምሽ ፈርቶልሽ ነው እንጂ ሊያስጨንቅሽ ፈልጎ አይደለም።

ድንቢጦች በብዙ ምክንያት ይሞታሉ። መስኮት ይመታቸዋል፣ ድመት ይይዛቸዋል፣ ያረጃሉ። በወፍ ጉንፋን የሞተች የመሆኗ ዕድል በጣም ትንሽ ነው። በዚህ በሽታ የተያዙት ሰዎችም በአብዛኛው ከታመሙ ዶሮዎች ወይም ከታመሙ ላሞች ጋር ሲሠሩ የነበሩ ናቸው።

አሁን የምታደርጊው ይህ ነው። እጅሽን በሳሙና በደንብ ታጠቢ፤ ዝም ብለሽ 20 ድረስ እየቆጠርሽ። ይህ ቫይረስ የቅባት ልብስ የለበሰ ነው፤ ሳሙና ልብሱን ይበጣጥሰዋል። ቀብረሽ ስትመለሺ ታጥበሽ ከነበረ ደግሞ ጨርሰሻል። ይህን ደብዳቤ ለእናትሽ ወይም ለአባትሽ አሳዪ። እነሱ ለ10 ቀን ያህል ልብ ይበሉሽ። ትኩሳት፣ ሳል ወይም የዓይን መቅላት ከመጣብሽ ሐኪም ጋ ይወስዱሻል፤ ወፍ መንካትሽንም ይነግሩታል። ምንም ካልመጣ፣ እንደማስበው አይመጣም፣ ተጫወቺ።

ሌላ ጊዜ የሞተ ወፍ ስታገኚ በባዶ እጅሽ አትንኪ። ትልቅ ሰው ጥሪ። ትልቁ ሰው እጁን በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አስገብቶ ወፏን ይይዛታል፣ ከረጢቱን ይገለብጠዋል፣ ያስረዋል። ሁለት ሦስት ወፎች አንድ ላይ ሞተው ካየሽ ወይም ዳክዬ ከሆነ ደግሞ ማንም አይንካ፤ ለእንስሳት ሐኪም ይነገር።

ድንጋዩን አታንሺው። ውሻ ቆፍሮ እንዳያወጣት ይከላከልላታል።